አረቄ አውጪ ያሰኘኝ ቱቦ

በእኛ አገር የታመመ ሰው ያለበት ቤት በሩ አይዘጋም። የጤነኛ ቤት ቢዘጋ ባለቤቶቹ ገበያ ወጥተዋል ይባላል። የበሽተኛ ቤት ከተዘጋ ግን ወይ ጎረቤት ንቀናል፣ ወይ የምንደብቀው ነገር አለ። እኔ በቀን አራት ጊዜ ዘጋሁ። የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን የምጽፈው ዳባት የምታስተምረው ልጄ «እማዬ፣ ጻፊው። ስትናገሪው ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚወጣሽ» ስላለችኝ ነው። እውነቷን ነው። ታሪኩን ተናገሪ ብባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ እጨርሰዋለሁ። ሁለት ቃል ነው፤ የቀረውም ቢሆን የእሱ ማብራሪያ ነው።

ባለቤቴ አዛናው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ትንሽ እንደሄዱ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። ረዳቱ ከጎማው ሥር የሚወረውረውን ድንጋይ ታቅፎ በሩ ላይ ይንጠለጠላል። እኔ ደግሞ ቤቴ ሆኜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። አዛናው ለጓደኞቹ «እኔ ፍሬን እይዛለሁ፣ እሷ እመቤታችንን ትይዛለች» ይል ነበር። ፍሬኑ እምቢ ያለው ቀን ነበር። እመቤታችን እምቢ ብላው አታውቅም።

ገደል ያልጣለውን ሰው ኩላሊት ጣለው። መጀመሪያ እግሩ አበጠ፤ «የክላች ነው» አለ። ቀጥሎ ፊቱ አበጠ፤ «እንቅልፍ በዝቶብኝ ነው» አለ። ጫማው አልገባ ሲለው ጫማ ሰፊውን ሰደበ። ጎንደር ወስደን ስናስመረምረው ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን ነገረን። ደም የሚያጥበው ማሽን አዲስ አበባ ነው፤ በየሳምንቱ ደጋግሞ ከማሽኑ ሥር መተኛት ይጠይቃል፤ ይህም ዕድሜ ልክ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ የለንም። አዛናው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለጥቂት ሰዎች የተጀመረ ሌላ መንገድ መኖሩን ነገረን። እጥበቱ በሆድ በኩል ነው፤ በቤት ውስጥ በገዛ እጅ ይደረጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእምብርት አጠገብ ለስላሳ ቱቦ ይገባል። በዚያ ቱቦ ንጹሕ ፈሳሽ ከከረጢት ወደ ሆድ ይወርድና ለሰዓታት ይቆያል። የሆድ ዕቃው ስስ ሽፋን እንደ ወንፊት ሆኖ የደሙን ቆሻሻ ወደ ፈሳሹ ያሳልፋል። ከዚያ የቆየው በቱቦው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ያስተማረችን ሲስተር ደጋግማ አስረዳችኝ፤ እኔ አልገባኝም። አዛናው ግን ወዲያው ገባው።

«ዘይት መቀየር ነው» አለ። «አሮጌውን ታፈሻለሽ፣ አዲሱን ትሞያለሽ። ለእኔ ኮፈን እንኳ አይከፈትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ዘይት ቅየራ ሆኖ ቀረ።

ሲስተር ወጣት ናት፤ ቁጣዋ ግን የአሮጊት ነው። ልጆች ወልጄ አሳድጌ፣ ስንት ድግስ ደግሼ፣ እጅ መታጠብን እንደ አዲስ ከእሷ ተማርኩ። አፍና አፍንጫ በማስክ ይሸፈናል። በርና መስኮት ይዘጋል። ነፋስ፣ አቧራ፣ እንግዳ፣ ዶሮ አይገባም። የቱቦው ክዳን ሲነሣ ጫፉ ምንም ነገር መንካት የለበትም።

«እማማ፣ ያቺ ጫፍ ጋቢዎን እንኳ ብትነካ ተሕዋስያን ባለቤትዎ ሆድ ይገባሉ» አለችኝ። «ሆዳቸው ከተመረዘና መድኃኒቱ ካልያዘላቸው ቱቦው ይወጣል። ቱቦው ከወጣ የሚቀረው ማሽኑ ነው።»

ማሽኑ የት እንዳለ አልጠየቅኋትም።

«መመረዙን በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

«የሚወጣውን ፈሳሽ ይመልከቱ። ቢጫ ቢሆን ግድ የለም፣ ብቻ የጠራ ይሁን። ከጽሑፍ ፊት ያድርጉት። በፈሳሹ ውስጥ አሻግረው ማንበብ ከቻሉ ደህና ነው። ካቃተዎት አንድ ቀን አይደሩ፣ ይዘዋቸው ይምጡ።»

እኔ ቤት ያለው ጽሑፍ ውዳሴ ማርያም ነው። ከረጢቱን መጽሐፉ ላይ ማስቀመጥ ድፍረት መሰለኝ። ስለዚህ ከረጢቱን በአንድ እጄ አንጠለጥልና መጽሐፉን ከኋላው እይዛለሁ። የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ገጽ አለ። ቀዩ ስም በቢጫው ፈሳሽ ውስጥ ወለል ብሎ ሲታየኝ ከረጢቱን አወርዳለሁ። አዛናው ፊቴን አይቶ ይገባዋል።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ መኪናው ላይ አንድ ነገር አስማለኝ።

«ስለ ሆዴ ቱቦ ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ምን ነውር አለው?»

«የደባርቅን ሾፌር አታውቂውም። በማግስቱ ባለ ሁለት ሰልባትዮ ይሉኛል።»

ሰልባትዮ ማለት የመኪና ነዳጅ መያዣ ነው። የደባርቅ ሾፌር ሁሉ ቅጽል ስም አለው፤ አዛናው እስከዚያ ቀን ሳይወጣለት ያመለጠ ብቻውን ነበር። ሰው ሞትን ፊት ለፊት እያየ ቅጽል ስም ይፈራል። እሺ አልኩት። ዝም ማለት ደግሞ ለእኔ ሥራ አይደለም።

አሁን ከአጥር ማዶ ያለችውን ጎረቤቴን እትዬ ጥሩዬን ላስተዋውቅ። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የሚቆርጥ፣ አረቄዋ ከደባርቅ እስከ ዳባት የታወቀ ሴት ናት። ከደጇ ረጅም እንጨት ተክላ ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋለች። ጣሳው ከተሰቀለ መጠጥ አለ ማለት ነው። እኔና እሷ ለዓመታት ጎረቤት ስንኖር ሰላምታ ብቻ ነበር የሚያገናኘን። እኔ የማርያምን ደጅ እሳለማለሁ፣ እሷ የደንበኛን ደጅ ጠባቂ ናት እል ነበር በልቤ። ልብ ብዙ ያወራል፤ አፌ ዝም ቢልም።

እንግዲህ እትዬ ጥሩዬ ከአጥሯ ሆና የምታየውን አስቡት። በአውቶቡስ አናት ካርቶን ይመጣል፤ እኔ እየሮጥኩ አስገባለሁ። የደባርቅ ብርድ ከረጢቱን እንደ ድንጋይ ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ በማለዳ ከጓሮ እሳት አነድዳለሁ፣ ውኃ አፈላለሁ፣ በጀሪካን ሞልቼ ከከረጢቱ ጋር በጋቢ እጠቀልላለሁ። ከዚያ በር እዘጋለሁ። በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ ቱቦ ይታያል፤ በቱቦው ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይታያል። ቆይቼ ቢጫ ውኃ ተሸክሜ በአጥሩ ሥር ወደ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ፈሳሹ ስኳርም ጨውም አለበት፤ የሚንጠባጠበውን የእትዬ ጥሩዬ በግ ትልሰዋለች። በጓ ጣሟን ስላወቀች እኔ በወጣሁ ቁጥር አጥሩን በግንባሯ ትገፋለች።

እሳት፣ ጀሪካን፣ ቱቦ፣ ጠብታ፣ የተዘጋ በር። ዕድሜዋን አረቄ ስታወጣ የኖረች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ልታስብ ኖሯል?

የመጀመሪያው ደንበኛ ከተራራው፣ ሳንቃ በር ከሚባል ቦታ የመጣ በቅሎ ነጂ ነበር። በጠዋት ባዶ ሃይላንድ ይዞ ደጄ ቆመ፤ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይቅዱልኝ።»

ከማርያም ያመጣሁት ጠበል በጀሪካን ነበረኝ። ሰው ጠበል ሲጠይቅ አይከለከልም።

«አሞሃል እንዴ ልጄ?»

«ብርዱ ነው እማማ። የሳንቃ በር ብርድ አጥንት ይገባል።»

«በእምነት ከጠጣኸው ብርዱም ይሸሻል።»

«ያለ እምነትማ ማን ይጠጣዋል» አለ። ሞላሁለት። ሒሳቡን ሲጠይቀኝ ተቆጣሁ።

«ለዚህ ይከፈላል እንዴ? ሂድ፣ እመቤታችን ትከተልህ።»

በቅሎ ነጂው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሕመሙ ጠንቶበት ነው ብዬ አሰብኩ።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ሰው ሳንቃ በር ደርሶ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ መለኪያ አስደርድሮ ቀድቶላቸዋል። ቀድሞ የቀመሰው ራሱ ነው። ውኃ መሆኑን አወቀ። ልቡን አይቼ የገሠጽኩት መሰለውና ደነገጠ። ግን ብቻውን ሞኝ ሆኖ መቅረት አልፈለገም። ጨርሶ ጠጣና አፉን ጠረገ። «የዋዛ አይደለችም» አለ። የጠጣው ሁሉ የሌላውን ፊት እያየ «እውነትም የዋዛ አይደለችም» አለ። በማግስቱ እያንዳንዱ የራሱን ጓደኛ ላከብኝ። በእኛ አገር የተታለለ ሰው አይናደድም፤ ጓደኛ ይጨምራል።

መጡ። ሾፌር መጣ፣ ረዳት መጣ፣ ከብት ነጋዴ መጣ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ይማርልዎት፣ ጋሽ አዛናውን» ይልና ጠርሙሱን ያቀርባል። ገንዘብ ስለማልቀበል ደጄ ላይ እንቁላል ትተው ይሄዳሉ፤ ገብስ ትተው ይሄዳሉ። አንዱ ዶሮ አስሮ ሄደ። እኔ ማታ ማታ ስሰግድ የደባርቅ ሰካራም ሁሉ ወደ ጠበል ዞሯል ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ተደስቼ አላውቅም። በቀን ሁለት ጊዜ ጠበል እያመላለስኩ ወገቤ ተቆረጠ።

አዛናው አልጋው ላይ ሆኖ ያዳምጣል።

«አንቺ ሴት፣ ይህ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊመንን ነው?»

«እግዚአብሔር ከፈቀደ ምን ይሳነዋል?»

«እግዚአብሔርን አልጠረጠርኩም። ያን በሩ ላይ የቆመውን ረዳት ግን አውቀዋለሁ።»

አልሰማሁትም።

ወሬው የነፍስ አባታችን መምሬ ተገኝ ዘንድ ደረሰ። በር ክፍት በነበረበት ሰዓት መጥተው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ መስቀላቸውን አገላበጡ።

«ልጄ፣ ችግር ሰውን ያላሰበው ቦታ ያውለዋል።»

«አዎን አባቴ።»

«ኖኅ እንኳ ጻድቅ ሰው ነበር። ወይን ተከለና ራቁቱን ሆነ።»

የአዛናው ሆድ ተገልጦ መታየቱን የነገራቸው ሰው ያለ መሰለኝ።

«አባቴ፣ ለማጠብ እኮ መገለጥ ግድ ነው» አልኳቸው።

«ከደጅሽ ሰካራም አይጠፋም ይሉኛል» አሉ መምሬ በመጨረሻ።

«ጠበል ፈልገው ነው አባቴ። የማርያምን ጠበል እየቀዳሁ እሰጣቸዋለሁ።»

ተነሡ። ጀሪካኑን ከፍተው አሸተቱ። በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ጥምጥማቸው እስኪዘነበል ሳቁ። መምሬ ተገኝ ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። አገሩ ስለ እኔ የሚለውን ሁሉ ነገሩኝ። አዛናውም ሳቀ፤ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሳቀው።

«ታዲያ ቱቦው ምንድን ነው?» አሉ መምሬ።

አዛናውን አየሁት። እሱ ሸሚዙን ገለጠላቸው። ለነፍስ አባት መሐላ አይሠራም። መምሬ ቱቦውን ካዩ በኋላ መስቀላቸውን ከቱቦው በላይ፣ ሳያስነኩ፣ አማተቡ። ሳያስነኩ ማማተባቸውን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

«አባቴ» አለ አዛናው፣ «ይቺ ሆዴ የምትገባው ስኳር አለባት አሉኝ። ጾም ትገድፋለች?»

መምሬ አሰቡበት። «አፍህ ላይ ጣፈጠችህ?»

«ኧረ ጭራሽ።»

«እንግዲያው ጾመኛ ነህ።»

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ወሬውን ያወጣችው ጥሩዬ ናት። ግን እንዳትቀየሚያት። ለደንበኞቿ ሁሉ ከእኔ አትግዙ፣ ባሏን የምታስታምም ሴት ናት፣ ከእሷ ግዙ ብላ ነው የሰደደችልሽ። የላከቻቸው እሷ መሆኗን እንዳይናገሩም አስምላለች። ከዚያ ወዲህ እሷ ዘንድ የሚገባ ሰው የለም።»

በመስኮት አየሁ። ጣሳው እንደተሰቀለ ነው። ደጇ ላይ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። እኔ ደንበኛ ጠባቂ እያልኩ በልቤ ሳማት የኖርኩት ሴት ደንበኞቿን በሙሉ ሰጥታኝ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። በዕድሜዬ ብዙ ቃል የፈለግሁት ያን ቀን ነው፤ አንድም አልመጣልኝ።

የከሰዓቱ ዘይት ቅየራ ሰዓት ደርሶ ነበርና እሱን ጨርሼ ወደ እሷ ልሄድ አሰብኩ። በሩን ዘጋሁ። እጄን ታጠብኩ፣ ማስኬን አሰርኩ። የቱቦውን ክዳን አነሣሁ።

ለካ እትዬ ጥሩዬም የራሷ ሐሳብ ነበራት። ደንበኞቿን በመስጠቷ አልተጸጸተችም። የከነከናት «የጎረቤትሽ አረቄ ጉሮሮ አያቃጥልም» ማለታቸው ነው። ጉሮሮ የማያቃጥል አረቄ ድፍድፉ የተበላሸ ነው፤ ይህ ነገር ውሎ አድሮ ይህቺን ሴት ያሳፍራታል ብላ ጌሾ በነጠላዋ ቋጥራ ልታስተምረኝ መጣች። በእኛ አገር ጎረቤት በር አያንኳኳም። «እንዴት ዋላችሁ» እያለ ይገባል። የእንጨት መቀርቀሪያችን ደግሞ ለነፋስ እንጂ ለእትዬ ጥሩዬ ትከሻ አልተሠራም።

በሩ ተበረገደ። የተራራው ነፋስ አቧራውን ይዞ ገባ። እኔ ደነገጥሁ፤ እጄ ዘለለ፤ የቱቦው ጫፍ ጋቢውን ነካ።

እትዬ ጥሩዬ መሀል ቤት ቆማ ቀረች። የተሰቀለውን ከረጢት አየች፤ ቱቦውን በዓይኗ ተከትላ የአዛናው ሆድ ላይ ደረሰች።

«አረቄው... ይኸ ነው?»

«መለኪያ ይዘሽ መጥተሽ እንደሁ ቅመሺ» አለ አዛናው።

ጌሾው ከነጠላዋ ወለሉ ላይ ተበተነ። ወደ ኋላዋ ሄዳ በሩን ከውጭ ሳበችው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሲስተር እንዳስተማረችኝ አዲስ ክዳን አደረግሁና ደወልኩላት። ኔትወርክ የለም። ያኔ ሞባይል ደባርቅ የገባው ገና በቅርቡ ነበር፤ ስልኩ ይኖራል፣ መስመሩ በዓል ሲሆን ይመጣል። እስከ ነገ ምንም አይሆንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከረጢቱን አንሥቼ መጽሐፉን ከኋላው ያዝኩ። እንደ አጃ ውኃ ነው። ቀዩ ስም የለም። ጥቁሩም ጽሑፍ የለም።

«ምነው ቆየሽ?» አለ አዛናው።

«ማንበብ አቃተኝ።»

ቀልድ ጠበቅሁ። አልቀለደም። ፊቱ ላይ ላብ ነበረ፤ ሆዱን ሲነኩት ይጮኻል። ሊማሊሞ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ዕለት እንኳ ቀልዱ አልጠፋም ነበር።

የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል። እትዬ ጥሩዬ ግን ሌሊቱን ሁሉ አጥሩ ሥር ነበረች መሰለኝ፤ ጠርቻት ሳልጨርስ ደረሰች። ነገርኳት። ሄዳ ጣሳ የደፋችበትን እንጨት ከመሬት ነቀለች። እንጨቱን ከነጣሳው ይዛ መንገዱ መሀል ቆመች። ገብስ የጫነ አይሱዙ ወደ ጎንደር ሲያልፍ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አገደችው።

«እትዬ ጥሩዬ፣ መሪ ይዤ አልጠጣም» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ። ሲሳይ ይባላል፤ ድሮ የአዛናው ረዳት ነበር።

«ማን ጠጣ አለህ? ጌታህ አዛናው ሆዱ ተመርዞ ሊሞት ነው። ውረድና ተሸከም።»

በዚህች አንድ ቃል መሐላችን ፈረሰ፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። አዛናውን በጋቢ አድርገው የተሸከሙት እነዚያው ጠበል ያጠጣኋቸው ሰዎች ናቸው። አንዱም አልሳቀም።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አዛናው ጥርሱን ይነክሳል፤ በመሀሉ «ማርሽ ቀንስ፣ ሲሳይ። ያስተማርኩህ እንዲህ ነው?» ይላል። ሲሳይ «እሺ ጌታዬ» እያለ እንባውን በክንዱ ይጠርጋል። ዳባት ላይ ልጃችን፣ ቀድሞን ባለፈ መኪና ወሬው ደርሷት፣ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ኔትወርክ ዳባት ነበረ፤ ለሲስተርም ቀድማ ደውላላታለች። ከገብሱ ጆንያ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እትዬ ጥሩዬ እንጨቷን እንደያዘች ነበር። ለምን እንደያዘችው ማንም አልጠየቃትም።

ጎንደር ስንደርስ ሲስተር በሩ ላይ ነበረች። የምትቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ከረጢቱን አየች፣ አዛናውን አየች፣ ትከሻዬን ነክታኝ ወደ ሥራዋ ገባች። መድኃኒቱን በፈሳሹ ውስጥ እየጨመሩ ወደ ሆዱ አስገቡለት። ሐኪሙ ፈሳሹ በጥቂት ቀን ካልጠራ ቱቦውን እንደሚያወጣው ነገረን።

እትዬ ጥሩዬ ከክፍሉ በር ላይ ቁጭ አለች። ስለ ተዘጋ በር የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቀን ተምራ ነበር። ደባርቅ ደግሞ በሽተኛ መጠየቅን አይተውም፤ በአውቶቡስ እየተጫነ መጣ። ሾፌር፣ ረዳት፣ ያ በቅሎ ነጂ ሳይቀር መጣ። እሷ እንጨቱን በሩ ላይ አግድማ «እጅህን አሳየኝ። ታጥበሃል? ብትታጠብም አትገባም» ትላለች። መምሬ ተገኝ ሲመጡ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች፤ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ በመስኮት ያሳዩት።»

መምሬ በሕንጻው ዙሪያ ሄደው መስቀሉን በመስኮት አሳዩት። አዛናው አልጋው ላይ ሆኖ ግንባሩን ዘንበል አደረገ።

በየጠዋቱ ከረጢቱን በመስኮቱ ብርሃን አንሥቼ መጽሐፉን ከኋላው እይዛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልታየኝም። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። እትዬ ጥሩዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በየጠዋቱ በበሩ ስንጥቅ «ዛሬስ ትነበባለች?» ትላለች። «አትነበብም» እላታለሁ። በሩ ይዘጋል። ሐኪሙ ቱቦውን ነገ አወጣለሁ ያለበት ቀን መጣ። ያን ቀን ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር ከረጢቱም መጽሐፉም አንድ ሆኑብኝ። ሲስተር ግቢ አለቻትና እትዬ ጥሩዬ ታጥባ ማስክ አድርጋ ገባች። ከጎኔ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እኔ አላነብም» አለች። «ግን ቀይ ነገር ይታየኛል።»

ዓይኔን ጠረግሁ። እውነት ነበር። በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ፣ ቀዩ ስም አለ።

«የማን ስም ነው?» አለች።

ነገርኳት። ተንበረከከች። እኔም ከረጢቱን እንደያዝኩ ተንበረከክሁ፤ ሲስተር «እማማ፣ መሬት እንዳይነካ» ስትል ከፍ አደረግሁት። ቱቦው አልወጣም።

አዛናው ወደ ደባርቅ ሲመለስ ባለ ሁለት ሰልባትዮ ተባለ። የፈራው ስም ነው፤ አሁን ማንም ሳይጠይቀው ሸሚዙን ገልጦ ያሳያል። ያ በቅሎ ነጂ ዛሬም ጠበል ይወስዳል። አረቄም ይወስዳል። ሁለቱን ጠርሙስ አያምታታም። የእትዬ ጥሩዬ አግዳሚም ሞላ፤ ጌሾዋንም መልሼላታለሁ፤ አንድ በአንድ ከወለሉ ለቅሜ።

እንጨቱ ግን ወደ ደጇ አልተመለሰም። በእኛ በር ተከለችው። ጣሳው ከተሰቀለ ዘይት እየተቀየረ ነው፣ ሰው አይገባም። ጣሳው ከወረደ የፈለገ ይግባ፣ ይጠይቅ፣ ይሳም። የደባርቅ ሰው ሁሉ አወቀው። ሕፃን እንኳ ጣሳውን ካየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። የማያውቀው በሊማሊሞ የሚመጣ እንግዳ ብቻ ነው። መኪናውን ያቆማል፤ ጣሳውን አይቶ መጠጥ ቤት መስሎት እየተንጠራራ ወደ በሩ ይመጣል።

ያን ጊዜ የእትዬ ጥሩዬ ድምፅ ከደጃፉ ይሰማል።

«ወንድሜ፣ ማዶ ተሻገር። እዚህ ቤት የሚቀዳው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

እኔ ውስጥ ነኝ። ክዳኑ ተነሥቷል፤ የቱቦው ጫፍ በእጄ ነው። በማስኬ ሥር እስቃለሁ። እጄ ግን አይንቀሳቀስም።